ብሬከንሪጅ ወይስ ቬይል? ለእናቴና ለልጆቼ የሚስማማውን የበረዶ ከተማ እንድመርጥ ምክራችሁን እሻለሁ

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው የዲሴምበር የትምህርት ቤት ዕረፍት ከባለቤቴ፣ ከ9 ዓመት ወንድ ልጄ፣ ከ6 ዓመት ሴት ልጄና ከ69 ዓመት እናቴ ጋር ወደ ኮሎራዶ ተጉዘን አምስት ሌሊት ተራራ ላይ ለማሳለፍ አስበናል። ልጆቹ ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ለመማር መጓጓት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሞክሮታል፤ እኔ ግን የስኪ ጫማ በእግሬ አድርጌ አላውቅም። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በሴፕቴምበር ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከዚያ ውጪ ጤናዋ ደህና ነው። እርሷ የምታውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ነው፤ እንደ ጥጥ ተበጥሶ በዝምታ የሚወርደውን ለማየት ያላት ምኞት ከልጆቹ አያንስም።

ብዙ ካነበብን በኋላ ምርጫችን በብሬከንሪጅና በቬይል መካከል ቀርቷል። ባለቤቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀርበውና በዋጋም ሻል ያለው ብሬከንሪጅ ይሁን ይላል። እኔ ደግሞ የቬይል መሐል መንደር መኪና የማይገባበት መሆኑን ስሰማ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ፤ እናቴ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ያለ ስጋት ልትራመድበት ትችላለችና። ነገር ግን ሁላችንም ስኪ ላይ ስንውል እርሷ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ፣ ከፍታውስ እንዴት እንደሚሆንላት አላውቅም። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ እናቴ ትጾማለች፤ ስለዚህ የምናርፍበት ቤት ወጥ ቤት ያለው ሊሆን ይገባል። ሁለቱንም ከተሞች የምታውቁ ወገኖች ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦ የዴንቨር ነዋሪ

እህቴ፣ እንኳን ወደ እኛ አገር በደህና ለመምጣት አሰቡ። እኔ ዴንቨር ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሦስት ልጆቼም ስኪ የተማሩት ብሬከንሪጅ ስለሆነ ምክሬ ወደዚያ ቢያደላ አይፍረዱብኝ።

ብሬከንሪጅ በ1859 ወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሩት ከተማ ነው። ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በቀለም በተዋቡ የእንጨት ቤቶች የተሞላ ሲሆን፣ ምሽት ላይ መብራቱ በርቶ በረዶ ሲወርድበት ለሽማግሌም ለሕፃንም ደስ የሚል ነው። ቬይል ግን ከዚያ በፊት ከተማ ያልነበረ፣ በ1962 የስኪ ስፍራው ሲከፈት አብሮ የተሠራ መንደር ነው፤ ቤቶቹም የአልፕስ ተራሮችን መንደሮች እንዲመስሉ ሆነው የታነጹ ናቸው። ውብ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የማደሪያውም የምግቡም ዋጋ ከብሬከንሪጅ በግልጽ ይበልጣል፤ ለአምስት ሰው አምስት ሌሊት ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እናትዎን በተመለከተ፣ ከብሬከንሪጅ ከተማ ወደ ተራራው ሥር የሚያወጣው ጎንዶላ፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ካቢን፣ ክፍያ የለበትም። ካቢኑ ዙሪያውን በመስታወት የተዘጋ ስለሆነ ተቀምጠው የጥዱን ደን ከላይ እያዩ ወጥተው፣ ልጆቹ ሲማሩ ተመልክተው፣ ሲበርዳቸው በዚያው ይመለሳሉ። የከተማው አውቶቡስም ነጻ ነው። እኔ አክስቴን በዚህ መንገድ ሁለት ቀን አዙሬያቸዋለሁ፤ ስኪ ሳይነኩ ከሁላችን በላይ ተደስተው ነው የተመለሱት።

ተራራው ላይ ስኪ ለመንሸራተት ስለሚያስፈልገው ትኬት አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ። ሁለቱም ተራሮች የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ኤፒክ የተባለውን የቀን ትኬት አስቀድመው ከገዙ፣ እንደመረጡት ዓይነት በሁለቱም ሊሠራልዎት ይችላል። የዚህ ትኬት ሽያጭ ግን ዲሴምበር ገባ ሲል ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚገዛ ሰው በበዓል ሰሞን ቬይል ላይ ለአንድ ቀን ለአንድ አዋቂ ከ300 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። እንደ እናትዎ ስኪ የማይነካ ሰው ጨርሶ ትኬቱ አያስፈልገውም። ለልጆቹ ደግሞ የትምህርቱን ቦታ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይያዙ፤ ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባለው ሳምንት ቀድሞ ይሞላል።

ምላሽ 2፦ ነርስ፣ ከአውሮራ

ወንድማችን ስለ ከተማው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂዋ ስለ ከፍታው ያነሱት ነገር ሳይመለስ እንዳያልፍ እፈራለሁ። እኔ በሙያዬ ነርስ ስሆን፣ በየክረምቱ ከቆላ ከተሞች መጥተው በመጀመሪያው ሌሊት የሚታመሙ ቤተሰቦችን አያለሁ። ስለዚህ እኔ ከስኪው በፊት የምጠይቀው እናትዎ ሌሊቱን የሚተኙበት ቤት ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ነው።

የብሬከንሪጅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,926 ሜትር ላይ ትገኛለች። ይህ ከደብረ ብርሃን ከፍ ያለ ነው። ቬይል 2,484 ሜትር ላይ ሲሆን፣ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። የ440 ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የከፍታ ሕመም በብዛት መታየት የሚጀምረው ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ሲያድር በመሆኑ ሁለቱ ከተሞች በዚህ መስመር ወዲህና ወዲያ ናቸው። ብሬከንሪጅ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

ብዙ ወገኖቻችን «እናቴ የአዲስ አበባ ሰው ናት፣ ከፍታ ለምዳለች» ይላሉ። ይህ አባባል ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው እውነትነት አለው። እናትዎ ግን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይለው አሌክሳንድሪያ ከሦስት ወር በላይ ስለሚቆዩ፣ ሰውነታቸው ለምዶት የነበረውን በአብዛኛው ይለቀዋል። እንደ እርስዎና እንደ ልጆቹ አዲስ መጪ አድርገው ይቁጠሯቸው።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቆዩ ነው። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው፤ በዕረፍትና ከዚያ በላይ ከፍ ባለማለት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይቀላል። ትንንሽ ልጆች ራሳቸውን እንደሚያማቸው ላይናገሩ ይችላሉ፤ ስድስት ዓመቷ ልጅዎ ያለ ምክንያት ብትነጫነጭና እራቷን እንቢ ብትል ይህንን ያስቡ። ነገር ግን ማንም ሰው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳሉ ካላቆመ፣ ንግግሩ ወይም እርምጃው ከተዘባረቀ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድና ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ያስፈልጋል። ቬይል ሆስፒታሉ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ለብሬከንሪጅ የሚቀርበው ፍሪስኮ ላይ ይገኛል።

በሱቁ ሁሉ በቆርቆሮ ተሞልቶ የሚሸጠውን ኦክስጅን እንደ መፍትሔ አይቁጠሩት፤ ጥቂት ትንፋሽ ከሰጠ በኋላ ያልቃል፤ ሕመሙም ባለበት ይቀጥላል። እውነተኛው መከላከያ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት 1,609 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር ወይም እዚህ አውሮራ አድረው በማግስቱ ቢወጡ ሰውነት በጣም ይጠቀማል። ከጉዞው በፊት የእናትዎ ሐኪም የደም ግፊታቸውንና መድኃኒታቸውን አይቶ ምክር ይስጥ፤ ለከፍታ የሚታዘዝ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነውም እርሱ ነው።

ስለ ጾሙም አንድ ቃል ልጨምር። የተራራው አየር እጅግ ደረቅ በመሆኑ ሰውነት ሳይታወቀው ውኃ ያጣል። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም የማይቀምሱ ከሆነ፣ የጾም ድካሙና የከፍታው ሕመም ተመሳስለው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። እናቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከልጅ ይልቅ የነፍስ አባታቸውን ይሰማሉ፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የነፍስ አባታቸውን በስልክ ያማክሩ። መድኃኒት የሚወስዱና መንገደኛ መሆናቸው ሲነገር በአብዛኛው የሚሰጠው ምክር የሚያሳርፍ ነው።

ምላሽ 3፦ የረጅም ጊዜ ሾፌር፣ ከዴንቨር

የእኔ ምክር ስለ መንገዱ ብቻ ነው። ለሁለቱም የሚወጣው በአይ-70 አውራ ጎዳና ሲሆን፣ ሁለቱም 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ማዶ ናቸው። ብሬከንሪጅ ከአውሮፕላን ማረፊያው 100 ማይል ያህል ነው፤ ቬይል ወደ 120 ይደርሳል። በርቀት የሚለያዩት በጥቂቱ ነው፤ ቬይል የሚሄድ ሰው ግን ከዋሻው ሌላ ቬይል ፓስ የተባለውን የተራራ መተላለፊያም መሻገር አለበት፤ እርሱም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በከባድ በረዶ ጊዜ ለሰዓታት የሚዘጋበት ቀን አለ።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ አራቱም ጎማ የሚነዳውን ጠይቁ፤ ስትረከቡም የጎማውን ጥርስ በዓይናችሁ እዩ። በዚያ መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ በሕግ ተገቢ ጎማ ወይም ሰንሰለት ግዴታ ነው። እኔ ራሴ ከአንድ አከራይ የወሰድኩት መኪና ጎማው ተልጦ ኖሮ ዋሻው መውጫ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት፣ ሚስቴና ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ሳለ ያየሁትን ጭንቀት ለማንም አልመኝም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች አትጓዙ፤ የሁለት ሰዓቱ መንገድ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። መንዳት የማትፈልጉ ከሆነ ባስታንግ የተባለው የክፍለ ሀገሩ አውቶቡስ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ፍሪስኮም ቬይልም ይቆማል፤ ከፍሪስኮ ወደ ብሬከንሪጅ ደግሞ ነጻ አውቶቡስ አለ።

እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን አውሮራ ሀቫና መንገድ ላይ ካሉት ሱቆቻችን ግዙ። እንጀራውን ሌሊት መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በረዶ ሆኖ ያድርና ሲሞቅ ይፈረካከሳል። ቤት አስገብታችሁም ከፕላስቲኩ ሳታወጡ አቆዩት፤ እዚያ አየር ላይ በአንድ ሰዓት ጠርዙ ይደርቃል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የነርሷን ምላሽ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ካነበብኩለት በኋላ ክርክራችን አበቃ፤ ብሬከንሪጅ ላይ እንደማናድር ተስማምተናል። እናቴም የነፍስ አባቷን ልታናግር ቃል ገብታልኛለች። ነገር ግን ቬይል መንደር ውስጥ ወጥ ቤት ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስንፈልግ በዚያ ሳምንት የሚጠየቀው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆኖ አገኘነው። ስኪውን ትተን በጎማ ላይ ተቀምጦ በበረዶ መንሸራተቱን ብቻ ለልጆቹ እንድናደርግላቸውም አስበን ነበር፤ ልጄ ግን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። መላ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ምላሽ 4፦ በቬይል ሸለቆ የሚሠራ

እህቴ፣ መላው ቅርብ ነው። እኔ የምሠራው በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ባለ ሆቴል ነው። ከቬይል ወደ ምዕራብ 10 ማይል ያህል ሲወርዱ አቮን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከፍታዋ 2,265 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባም ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ወጥ ቤት ያላቸው ቤቶች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው፤ ዋጋቸውም ከቬይል መንደር ይቀንሳል። ትልልቅ የምግብ መደብሮች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ወደ ቬይል የሚያደርስ አውቶቡስም አለ። ቀን ቬይል ውላችሁ ማታ አቮን ትተኛላችሁ፤ ለእናትዎ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ልጆቹን ቬይል ላይ ጎልደን ፒክ ወይም ላየንስሄድ ካሉት የጀማሪ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያስመዝግቧቸው። ለባለቤትዎና ለራስዎም ቢያንስ የአንድ ቀን ትምህርት እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ ባልና ሚስት እርስ በርስ ለመማማር ሲሞክሩ የሚባክነው ግማሽ ቀን ከክፍያው ይበልጣል።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው የሚቸገረው በጫማው ነው። የስኪ ጫማ እንደ ተራ ቦቲ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚትን ጨምድዶ የሚይዝ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ብዙዎች ብርዱን ፈርተው ለልጁ ሁለትና ሦስት ካልሲ ይደርቡለታል፤ ያን ጊዜ ደም መዘዋወሩን ያጣና እግሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀጭን የሱፍ ካልሲ ብቻ ያልብሱት፤ የሱሪው ጠርዝ ወደ ጫማው እንዳይገባ ከላይ ያውጡት፤ ልጁ ቆሞ ጉልበቱን ወደ ፊት ሲያጥፍ ተረከዙ ከጫማው ወለል ካልተነሳ ልክ ነው። ጣቶቹ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉን ነክተው ጉልበቱን ሲያጥፍ ወደ ኋላ መለስ ማለት አለባቸው። ሲከራዩ ይህንን ለመሞከር አምስት ደቂቃ ይስጡት፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው አያጣድፋችሁ።

እናትዎን ከላየንስሄድ በሚነሳው ጎንዶላ ወደ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ኢግልስ ኔስት የተባለው የላይኛው ጣቢያ ግን ከ3,100 ሜትር በላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አይሁን፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት ውኃ ጠጥተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢወጡ መልካም ነው። ለማየት ለሚወጣ ሰው የጎንዶላው ትኬት ለብቻው ይሸጣል። በጎማ ላይ መንሸራተቱም የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። ጥቁር መነጽር እንዳይረሱላቸው፤ በዚያ ከፍታ ፀሐይና በረዶ ተባብረው ዓይን ይጎዳሉ። በሌሎቹ ቀናት ከቬይል መንደር መሐል በሚያልፈው በጎር ወንዝ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ሜዳማ ነው፤ ነገር ግን ጥላ የያዘው ቦታ በረዶው ጠጥሮ ስለሚያዳልጥ፣ በጫማ ላይ የሚጠለቅ ሾህ ያለው ጎማ ከማንኛውም የስፖርት ዕቃ መደብር ይግዙላቸው።

እርስዎ ቁልቁል መንሸራተቱን ከፈሩ በሜዳ ላይ በእርምጃ የሚሄዱበት ስኪም አለ፤ ቬይል ለዚሁ የተዘጋጀ ስፍራ አላት። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በዚህ ዓይነት ስኪ ነው። እኔ ይህንን በቴሌቪዥን ካየሁ በኋላ ነው እግሬን በረዶ ላይ ያደረግሁት፤ ዛሬም ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ።

ምላሽ 5፦ የዴንቨር ነዋሪ

እኔም የነርሷን ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቤን አስተካክያለሁ፤ አክስቴን ይዤ በወጣሁበት ጊዜ እርሳቸው ዴንቨር ከእኛ ጋር ዓመት ኖረው እንደነበር አላሰብኩትም ነበር። አቮን ማደሩ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ሆኖም ብሬከንሪጅን ጨርሳችሁ አትተዉት። ስትመለሱ ከቬይል ወደ ዴንቨር በሚወስደው መንገድ መውጫ 203 ላይ ፍሪስኮ ስትደርሱ ታጠፉና በሀይዌይ 9 ወደ ደቡብ 10 ማይል ያህል ሂዱ። በዚያን ጊዜ ሰውነታችሁ አምስት ቀን ለምዶ ስለሚሆንና ስለማታድሩበት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት መዋሉ ብዙም አያሳስብም። ልጆቹ ፒክ 8 በተባለው የተራራው ጫፍ ሥር ባለው በሐዲድ ላይ በሚሮጠው ተሽከርካሪ ቁልቁል ይውረዱ፤ እናትዎ በነጻው ጎንዶላ ደርሰው ይመለሱ፤ ከዚያ ዋናውን መንገድ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በእግራችሁ እዩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን ልቀቁ፤ ቀኑ እሑድ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

ጠያቂዋ፦

አቮን ላይ ወጥ ቤት ያለው ቤት ዛሬ ማታ ያዝን፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት አውሮራ እናድራለን፤ የምንመለሰውም ማክሰኞ ነው። እናቴ የነፍስ አባቷን አናግራ መድኃኒቷን በሰዓቱ በውኃ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። አሁን የጎደለን ለእርሷ እግር የሚሆን ሾህ ያለው ጎማ ነው፤ ልኳ 37 ስለሆነ ትንሹን ቁጥር ከዚሁ ከቨርጂኒያ ልግዛ ወይስ እዚያ እንደሚገኝ እርግጠኛ ናችሁ?

ምላሽ 6፦ በቬይል ሸለቆ የሚሠራ

በብዛት አለ፤ ነገር ግን የሚለካው በውጪ ጫማቸው ላይ ስለሆነ የሚያደርጉትን የክረምት ጫማ ይዘው መደብሩ ድረስ ይምጡ። ሲያጠልቁት ተረከዙ ጋ ላላ ካለ አንድ ቁጥር ይቀንሱ። ቤት ውስጥ ሲገቡ ግን ወዲያው ያውልቁላቸው፤ በንጣፍና በድንጋይ ወለል ላይ ከበረዶው የባሰ ያንሸራትታል።